መቅዳትና መስረቅ፦ ስለ ቅጂ መብት ለጥናት ክበብ የቀረበ ጽሑፍ

ማኅበራችን በቴሌግራም የጋራ መጻሕፍት ቤት ይክፈት የሚል ሐሳብ ቀርቦ በሁለት ተከታታይ የዓርብ ስብሰባዎች ላይ ብርቱ ክርክር እንዳስነሣ አባላት ሁሉ ያውቃሉ። የሐሳቡ ይዘት እንዲህ ነው። በየስልኩ ተበትነው የሚገኙት የአማርኛ ልብ ወለዶች፣ የታሪክ መጻሕፍትና የዩኒቨርሲቲ የትምህርት መጻሕፍት በአንድ ቦታ ይከማቹ፤ በደስማም ሆነ በሌሎቹ የኩዌት ሠፈሮች የሚገኝ ወገናችን ሁሉ ያለ ክፍያ አውርዶ ያንብብ። አንዳንዶች «ይህ ሕዝብን የሚጠቅም ሥራ ስለሆነ ውይይትም አያሻው» ብለዋል። ሌሎች ደግሞ «ማኅበሩን የሌባ ግምጃ ቤት አናድርገው» ሲሉ ተቃውመዋል። የጥናት ክበቡ ጉዳዩ ከስሜት ወጥቶ በጥናት እንዲታይ ስለ ወሰነ ይህን ጽሑፍ ለውይይት አቅርበናል። በጽሑፉ ውስጥ ዓ.ም. ያልነው የአገራችንን፣ እ.ኤ.አ. ያልነው የአውሮፓውያንን የዘመን አቆጣጠር ነው።

አስቀድመን አቋማችንን እንግለጽ። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ጆንያ ከተዋል። የሕክምና መጽሔት ውስጥ የወጣ የምርምር ጽሑፍ አንድ ነገር ነው። ለንደን ወይም ኒውዮርክ የታተመ የትምህርት መጽሐፍ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ በራሱ ገንዘብ ያሳተመ ደራሲ የጻፈው ልብ ወለድ ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ለመቅዳት የሚቀርበው ክርክር፣ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ሦስተኛውን ለመቅዳት አያገለግልም።

አንባቢው ማን ነው?

ጥያቄው ከመጽሐፉ በፊት ከአንባቢው መነሣት አለበት። እዚህ በደስማ የአማርኛ መጽሐፍ በብዛት የሚያነበው ተማሪው አይደለም። በየቪላው የምትሠራው እኅታችን ናት። ቀኑን ሙሉ ስትታጠብና ስትተኩስ ውላ፣ ልጆቹን አስተኝታ፣ ሌሊት በአምስት ወይም በስድስት ሰዓት ስልኳን ከፍታ ታነባለች። በኩዌት የቤት ሠራተኞችን የሚመለከተው ሕግ ቁጥር 68 በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን፣ በተከታዩ ዓመት ዝቅተኛው ደመወዝ በወር 60 ዲናር እንዲሆን ተወስኗል። ከዚህ ገንዘብ አብዛኛው ወደ አገር ቤት እንደሚላክ ለማንም የተሰወረ አይደለም። የአማርኛ መጽሐፍም እንደ ዳቦ ከጎረቤት ባቃላ ሮጥ ብሎ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ከአገር የሚመለስ ሰው በሻንጣው ይዞ ካልመጣ በቀር ያለው አማራጭ ስልክ ላይ የሚገኘው ፒዲኤፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ ይህችን አንባቢ «ሌባ» ብሎ የሚጀምር ማንኛውም ትንተና ከመነሻው የተበላሸ ነው። ገበያ ወጥታ ልትገዛው የምትችለውን መጽሐፍ አልሰረቀችም። ገበያው ራሱ እሷ ዘንድ አልደረሰም። በእሷ ማንበብ ምክንያት አዲስ አበባ ላይ አንድ ቅጂ ሳይሸጥ ቀረ ማለትም አይቻልም።

ነገር ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም። በደስማ ለእሷ የተጫነው ፋይል በደስማ አይቀርም። በዚያው ደቂቃ ፒያሳ፣ ባሕር ዳርና ደሴ ይገባል። መጽሐፉን በብር ሊገዛ የሚችለው፣ መጽሐፍ አዟሪው በክንዱ ተሸክሞ አጠገቡ የሚያልፈው ሰው እጅ ይደርሳል። ድሮ የሚባዛ ነገር ሁሉ ክብደትና ወሰን ነበረው። በስቴንስል ያባዛነው በራሪ ወረቀት ወረቀቱና ቀለሙ ባለቀበት ላይ ይቆማል፤ የተቀዳ ካሴትም በተቀዳ ቁጥር ድምፁ እየሻከረ ይሄዳል። ፋይል ግን አያልቅም፣ አይሻክርም። ለችግረኛው የታሰበውና ለባለገንዘቡ የሚደርሰው ያው አንዱ ቅጂ ነው። የዛሬውን ጥያቄ ከትናንቱ የሚለየው ይህ ብቻ ነው፤ ቀሪው ሁሉ የቆየ ክርክር ነው።

ከብራና እስከ አዋጅ

«ቅጂ መብት የፈረንጅ ፈጠራ ነው፤ በእኛ ባህል መጽሐፍ መቅዳት ጽድቅ ነበር» ሲባል እንሰማለን። ግማሹ እውነት ነው። ቁም ጸሐፊው ዳዊት ወይም ተአምረ ማርያም ሲገለብጥ ከማንም ፈቃድ አልጠየቀም። ዋጋውን የሚቀበለው ለእጁ ሥራ፣ ለብራናውና ለቀለሙ ነበር። በመጽሐፉ መጨረሻ ወይም መጀመሪያ ላይ ግን የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን የሚል ቃል ይጽፋል። እዚህ ላይ በደንብ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ግዝቱ የሚጠብቀው ብራናውንና የባለቤቱን ስም ነው። መገልበጡን አይከለክልም። መስረቅና መቅዳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ አባቶቻችን በሚገባ ያውቁ ነበር።

ሌላው ግማሽ ግን ይዘነጋል። በቅኔ ቤት የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። ቅኔው «የእገሌ ነው» እየተባለ ከነባለቤቱ ይጠቀሳል። ዛሬ በሕግ ቋንቋ የሞራል መብት የሚባለው፣ ማለትም ደራሲው በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠራ ያለው መብት፣ ለእኛ ከውጭ የመጣ ዕቃ አይደለም። ከውጭ የመጣው የገንዘቡ ክፍል ነው። ይህም የመጣው ከማተሚያ መኪና ጋር ነው። በእንግሊዝ የንግሥት አን ሕግ የሚባለው በ1710 እ.ኤ.አ. የወጣው የማተሚያ ነጋዴዎች በአንድ መጽሐፍ ላይ ማን ይነግድ በሚለው ጥያቄ ሲጣሉ ነው። ሕጉ የተቀረጸው አታሚን ከአታሚ ለመዳኘት ነበር። ቤቱ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ከሕጉ ጋር የሚገናኝበት መንገድ እምብዛም አልነበረም። ዛሬ እያንዳንዱ ስልክ የማተሚያ መኪና ስለሆነ፣ ለነጋዴ የተሰፋው ልብስ በአንባቢው ላይ ወድቋል።

በአገራችን ስለ ደራሲ መብት የሚናገሩ አንቀጾች ከ1647 ጀምሮ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ተካተው ነበር። ራሱን የቻለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው ግን በ1996 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ከሁሉ የጎላው ጩኸት የካሴት ጩኸት ነበር። አዋጁ የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። አንድ ሰው ለግል ጥቅሙ አንድ ቅጂ እንዲያዘጋጅ በተወሰነ ገደብ ይፈቅዳል፤ ለማስተማሪያና ለቤተ መጻሕፍት የሚሆኑ ልዩ ሁኔታዎችም አሉት። ሆን ብሎ ለጣሰ ሰው ግን ሲወጣ ያስቀመጠው ቅጣት ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ነበር። ይህን ቅጣት ለሺህ አንባቢ ፋይል በሚልክ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ላይ አስቡት። ማንም ዳኛ በልበ ሙሉነት የማይወስነው ቅጣት ማንንም አያስፈራም። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 የሮያሊቲና የጋራ አስተዳደር ማኅበራትን ጉዳይ ማንሣቱ ከቅጣቱ ይልቅ የሚጠቅም እርምጃ ነው ብለን እናምናለን።

ስለ 50 ዓመቱ አንድ ነገር እንጨምር። የፍቅር እስከ መቃብር ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ አዋጁ የወጣበት ዓመት። በአዋጁ ስሌት መጽሐፉ እስከ 2046 ዓ.ም. ድረስ የወራሾች ነው ማለት ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ስለሆነ የጥበቃው ዘመን ወደ ዘጠና ዓመት ይጠጋል። የበዓሉ ግርማ ነገር ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። በዓሉ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። የሞተበትን ቀን በእርግጠኝነት የሚያሳይ ሰነድ በሌለበት፣ ከሞት ቀን የሚቆጥር ሕግ ከየት ጀምሮ ይቆጥራል?

የበርን ስምምነትና የባለጠጎች ትዝታ

ዓለም አቀፉ የቅጂ መብት ሥርዓት የቆመው በ1886 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ በተፈረመው የበርን ስምምነት ላይ ነው። በስምምነቱ መሠረት አንድ አባል አገር ለሌላው አባል አገር ደራሲ ለራሱ ዜጋ የሚሰጠውን ጥበቃ ይሰጣል። ዛሬ ድሀ አገሮችን ስለ መጽሐፍ ስርቆት የምትገሥጸው አሜሪካ ወደዚህ ስምምነት የገባችው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታ በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። እስከ 1891 ድረስ የአሜሪካ ሕግ የውጭ ደራሲን ጨርሶ አይጠብቅም ነበር። ቻርልስ ዲከንስ በ1842 አሜሪካን ሲጎበኝ መጻሕፍቱ ያለ ፈቃዱ ታትመው በርካሽ ሲሸጡ አይቶ በየአዳራሹ አቤት ብሏል። የአሜሪካ ሕዝብ ማንበብን የለመደው በከፊል በዚህ ርካሽ መጽሐፍ ነው። አገሪቱ የራሷ ደራሲያንና አሳታሚዎች ሲጠነክሩላት ሕጉን ተቀበለች። የወጣችበትን መሰላል ከላይ ሆና ለመሳብ ስትሞክር ይህን ታሪክ ማስታወስ ተገቢ ነው።

ከቅኝ አገዛዝ ነጻ የወጡት አገሮች ይህንን ጉዳይ አንሥተው ታግለዋል። በ1967 በስቶክሆልም፣ ቀጥሎም በ1971 በፓሪስ በተደረጉት ጉባኤዎች ለታዳጊ አገሮች ልዩ አባሪ ተጽፎላቸዋል። በአባሪው መሠረት የሳይንስ መጽሐፍ ከታተመ ሦስት ዓመት ካለፈው በኋላ፣ አሳታሚው በአገሪቱ በተመጣጣኝ ዋጋ ካላቀረበው፣ አገሪቱ ራሷ ለትምህርት እንዲታተም መፍቀድ ትችላለች። በበለጸጉት አገሮች ወደማይነገር ቋንቋ ለመተርጎም ደግሞ አንድ ዓመት ይበቃል። በወረቀት ላይ ሲታይ መልካም ነገር ነው። ሥርዓቱ ግን በማስታወቂያ፣ በጥበቃ ጊዜና በክፍያ ደንብ የተተበተበ ስለሆነ የተጠቀሙበት አገሮች ጥቂት ናቸው።

ኩዌት ወደ በርን የገባችው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው፤ የቅጂ መብት ሕጓንም በ2019 በቁጥር 75 አድሳለች። አገራችን ግን ለረጅም ዘመን ከበርን ውጭ ቆይታለች፤ የ1996 ዓ.ም. አዋጅ ሲወጣም አባል አልነበረችም። የዚህ ውጤት ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል የለንደን አሳታሚ በኢትዮጵያ ውስጥ በበርን ስም ሊከሰን አይችልም ነበር። በሌላ በኩል አዲስ አበባ ብቻ የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ ውጭ አገር በበርን ስም ጠበቃ አልነበረውም። ነጻነቱን ተጠቅመን የሕክምናና የምሕንድስና መጻሕፍትን በሰፊው ተርጉመን ብናትም ኖሮ አንድ ነገር ነበር። ያን አላደረግንም። ስለዚህ ጉዳቱ የደረሰው በራሳችን ደራሲያን ላይ ሆኖ ጥቅሙ ሳይለቀም ቀረ።

የሕክምና መጽሔቶች ጉዳይ

ሕክምና የምናጠና ስለሆንን ይህንን ክፍል ከሌላው አስፍተን ብናየው አባላት አይፈርዱብንም። አንድ ሐኪም ስለ ወባ ወይም ስለ ሳንባ ነቀርሳ ጥናት ያደርጋል። ደመወዙን የሚከፍለው ሆስፒታሉ ወይም ዩኒቨርሲቲው ነው። ጥናቱን ጽፎ ለመጽሔት ሲልክ አንድ ሳንቲም አይቀበልም። ጽሑፉን መርምረው የሚያርሙት ሌሎች ሐኪሞችም በነጻ ይሠራሉ። ከዚያ በኋላ አሳታሚው ድርጅት ያንኑ ጽሑፍ ለዩኒቨርሲቲዎች መልሶ ይሸጣል። በግል ለመግዛት ለሚፈልግ አንድ ጽሑፍ 30 ዶላርና ከዚያ በላይ መጠየቅ የተለመደ ነው። ይህም ከ9 ዲናር ይበልጣል፤ ማለትም ቀደም ሲል ከጠቀስነው የ60 ዲናር ደመወዝ ከመቶ አሥራ አምስቱን ለአሥር ገጽ ወረቀት ማውጣት ነው። እንደ ኤልሴቪየር ያሉት ትላልቅ ድርጅቶች ከመቶ ከ30 በላይ ትርፍ የሚያገኙበት ምሥጢር ይኸው ነው፤ ጥሬ ዕቃውንም ጉልበቱንም በነጻ ያገኛሉ።

በዚህ ላይ የተነሣው ተቃውሞ የተመሠረተ ተቃውሞ ነው። አሌክሳንድራ ኤልባክያን የምትባል የካዛኪስታን ወጣት በ2011 እ.ኤ.አ. ሳይ-ሀብን ከፍታ የምርምር ጽሑፎችን ለዓለም በነጻ ማሠራጨት ጀመረች። ኤልሴቪየር በኒውዮርክ ፍርድ ቤት ከሷት በ2017 የ15 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ተፈረደበላት ሳይሆን ተፈረደባት፤ አልከፈለችም። አሜሪካዊው አሮን ስዋርትዝ ከጄስቶር ብዙ ጽሑፎችን በማውረዱ በ2011 ተከስሶ፣ ክሱ ሳያልቅ በጥር 2013 በ26 ዓመቱ ሕይወቱን በራሱ እጅ አጥፍቷል። በ2012 በሺህ የሚቆጠሩ ምሁራን ለኤልሴቪየር አንጽፍም፣ አናርምም ብለው ፈርመዋል። ከዚያ ወዲህ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት ለሕዝብ ክፍት ይሁን የሚለው ደንብ በብዙ አገሮች እየተስፋፋ ሄዷል።

አሳታሚዎቹም ፈጽሞ ዝም አላሉም። የዓለም ጤና ድርጅት ከስድስት ትላልቅ አሳታሚዎች ጋር ሆኖ በ2002 እ.ኤ.አ. ሂናሪ የሚባለውን ፕሮግራም ሲጀምር፣ በድሀ አገሮች ያሉ የጤና ተቋማት 1,500 ያህል መጽሔቶችን በነጻ ወይም በጥቂት ክፍያ እንዲያነቡ ተፈቅዷል። ኢትዮጵያ በነጻ ከሚያነቡት ወገን ናት። በዚህ አሠራር ጎንደር ያለ ሐኪም በተቋሙ በኩል የሚያነበውን፣ ኩዌት ያለ ኢትዮጵያዊ ተማሪ አገሩ ባለጠጋ ስለሆነች በዚያ በር አይገባም። በሩ የተከፈተው በአገሩ ሀብት ተመዝኖ ነው፤ የአንባቢው ኪስ አልተመዘነም። በተጨማሪም ካርተር ማዕከል ከአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያዘጋጃቸው የጤና ትምህርት ማስታወሻዎች እስከ ዛሬ በነጻ ይገለበጣሉ። «ሐኪም በሌለበት» የሚል ትርጉም ያለው የዴቪድ ወርነር መጽሐፍ ደግሞ ለትርፍ እስካልተሸጠ ድረስ ማንም እንዲያባዛው በግልጽ ፈቅዷል። እነዚህን ያለ አንዳች ጥርጣሬ ማሠራጨት ይቻላል።

የትምህርት መጻሕፍቱ በመሐል የሚቆሙ ናቸው። አንድ ትልቅ የውስጥ ደዌ መጽሐፍ ጸሐፊዎቹ ገንዘብ ያገኙበታል። ዋጋው ግን ለተማሪ የማይቀመስ ነው። እዚህ ላይ የዴልሂ ተማሪዎች ክርክር ትምህርት ይሰጣል። በዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የነበረ አንድ የፎቶ ኮፒ ሱቅ መምህራን ካዘዟቸው መጻሕፍት ምዕራፎችን እያነሣ ለተማሪዎች በጥራዝ ይሸጥ ነበር። ኦክስፎርድ፣ ካምብሪጅና ቴይለር ኤንድ ፍራንሲስ በ2012 እ.ኤ.አ. ሱቁንና ዩኒቨርሲቲውን ከሰሱ። ተማሪዎቹ ተደራጅተው በክርክሩ ገቡ። በመስከረም 2016 የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለትምህርት የሚደረግ እንዲህ ያለ ቅጂ በሕንድ ሕግ የተፈቀደ ነው ሲል ክሱን ውድቅ አደረገ። ይግባኝ ከታየ በኋላም አሳታሚዎቹ በ2017 ክሱን ትተውታል። ልብ በሉ፤ ተማሪዎቹ ያሸነፉት ሕጉን ንቀው አይደለም። በሕጉ ውስጥ ያለውን የትምህርት አንቀጽ ይዘው ነው።

የአማርኛ መጽሐፍ ሒሳብ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከላይ በኤልሴቪየር ላይ የተናገርነውን ሁሉ አንድ አባል በስብሰባ ላይ አንሥቶ «ስለዚህ የአማርኛውንም ልብ ወለድ እንልቀቀው» ሲል ተከራክሯል። ይህ መዝለል ነው። የአማርኛ ደራሲ ደመወዝ የሚከፍለው ሆስፒታል የለውም። አብዛኛውን ጊዜ አሳታሚም የለውም፤ ተበድሮ ወይም ያጠራቀመውን አውጥቶ ለማተሚያ ቤት ይከፍላል፤ ከዚያ ለአከፋፋይ ያስረክባል። ሒሳቡን በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የመረጥናቸው ናቸው።

ደራሲው 3,000 ቅጂ ያሳትማል እንበል። ለአንዱ የማተሚያ ወጪ 200 ብር ቢሆን በጠቅላላ 600,000 ብር ያወጣል። የሽፋኑ ዋጋ 500 ብር ሆኖ አከፋፋዩና ሻጩ ከመቶ 35 ቢወስዱ፣ ለደራሲው ከአንድ ቅጂ 325 ብር ይደርሰዋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 1,850 ያህል ቅጂዎች የሚሸጡት ለማተሚያ ቤቱ ነው። የደራሲው እንጀራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ሁሉም ቢሸጥ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ልፋቱ 375 ሺህ ብር ያገኛል። አሁን መጽሐፉ በወጣ በወሩ ስካን ተደርጎ ተለቀቀና ከ3,000 ውስጥ 1,000 ቅጂ ሳይሸጥ ቀረ እንበል። የሽያጩ ሲሶ ብቻ ጎደለ። የደራሲው ገቢ ግን ከ375 ሺህ ወደ 50 ሺህ ይወርዳል። ፒዲኤፉ ማተሚያ ቤቱን አልነካም፤ ገንዘቡን አስቀድሞ ተቀብሏል። አከፋፋዩም የሸጠውን ያህል ወስዷል። ጉዳቱ በሙሉ የሚያርፈው በመጨረሻው ሰው ላይ ነው።

የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ወረቀትና ቀለም ከውጭ በሚገባበት አገር የማተሚያ ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ ማስረዳት አያሻም። ዋጋ ሲጨምር ገዢ ይቀንሳል፤ ገዢ ሲቀንስ ፒዲኤፍ ፈላጊው ይበዛል፤ ፒዲኤፍ ሲበዛ ደራሲው የሚያሳትመውን ቁጥር ይቀንሳል፤ ቁጥሩ ሲቀንስ የአንዱ ዋጋ እንደገና ይጨምራል። ይህን አዙሪት አንባቢውም ደራሲውም አልፈጠሩትም። የሚጎዱት ግን ሁለቱ ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ ቻናል ባለቤቶቹ ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። «ለሕዝብ በነጻ» እያሉ በሺህ የሚቆጠር ተከታይ የሚሰበስቡ፣ ከዚያም በተከታዩ ብዛት ማስታወቂያ የሚሸጡ አሉ። ነጻ የሆነው የደራሲው ድካም ብቻ ነው፤ ማስታወቂያው በዋጋ ነው። እነዚህን ሰዎች ከደስማዋ አንባቢ ጋር በአንድ ስም መጥራት ትልቅ ስሕተት ነው። አንዷ ታነባለች፤ ሌላው ይነግዳል። የንግሥት አን ሕግ የተጻፈው ለእንደዚህ ያለው ነጋዴ ነበር።

የአሮጌው ማኅበርተኛ ክርክርም መልስ ይፈልጋል። በሰሜን አሜሪካ የነበሩት ተማሪዎች «ቻሌንጅ»ን፣ በአውሮፓ የነበሩት «ትግላችን»ን ሲያባዙ ማንንም ፈቃድ አልጠየቁም፤ ሁሉም ለሁሉም እንዲደርስ ነበር ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን ያባዙት የራሳቸውን ጽሑፍ ነው። የራስን ድካም በነጻ መስጠት የከበረ ሥራ ነው። የሌላውን ድካም በነጻ መስጠት ግን ቸርነቱ የማን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

በመንግሥት ገንዘብ ማሳተም

ከሁለቱም ውጭ ያለ ሦስተኛ መንገድ እዚሁ ኩዌት አለ። አል-ዐረቢ መጽሔት ከታኅሣሥ 1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ «የዕውቀት ዓለም» የሚል ትርጉም ያለው ዓለም አል-መዕሪፋ ተከታታይ መጽሐፍ ደግሞ ከጥር 1978 ጀምሮ በኩዌት መንግሥት ወጪ እየታተሙ በመላው የዐረብ ዓለም በትንሽ ዋጋ ተሸጠዋል። ጸሐፊውና ተርጓሚው ይከፈላቸዋል፤ አንባቢው በትንሽ ሳንቲም ይገዛል፤ ልዩነቱን የመንግሥት ግምጃ ቤት ይሸፍናል። ካይሮና ካርቱም ያለ ተማሪ ፍልስፍናና ሳይንስ በቋንቋው ያነበበው በዚህ ገንዘብ ነው። ነዳጅ የሌለው አገር ይህን ሁሉ ማድረግ ባይችልም፣ አሠራሩ ግን ሊጠና ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ይህም መንገድ የራሱ ዋጋ እንዳለው ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በደርግ ዘመን በርካታ መጻሕፍትን በርካሽ አሳትሟል። ኦሮማይንም በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው እሱ ነው። መጽሐፉ ብዙ ሳይቆይ ከየመደብሩ ተለቀመ። ያን ጊዜ ኦሮማይን በሕይወት ያቆየው ከእጅ ወደ እጅ በድብቅ ያስተላለፈው አንባቢ ነው። መንግሥት የከፈለበትን መጽሐፍ መንግሥት ሊለቅመው ይችላል። በእንደዚህ ያለ ጊዜ ቅጂ ማባዛት ለደራሲው ጠላቱ አይሆንም፤ ሌላ ወዳጅ በሌለበት ሰዓት ወዳጁ እሱ ነው። ስለዚህ «ማንኛውም ቅጂ ስርቆት ነው» ለሚሉት አባላት የምንሰጠው መልስ የበዓሉ መጽሐፍ ታሪክ ነው።

ስለ ቀረበው ሐሳብ

መጻሕፍት ቤቱ ይከፈት የሚለውን በመሠረቱ እንደግፋለን። የሚገባበት ነገር ግን መለየት አለበት። በነጻ እንዲሠራጩ የተፈቀዱት የጤናና የትምህርት ማስታወሻዎች፣ ክፍት መጽሔቶች፣ የጥበቃ ዘመናቸው ያለፈ ጥንታዊ መጻሕፍት፣ የማኅበራችንም ጽሑፎች ዛሬውኑ ይግቡ። የውጭ የትምህርት መጻሕፍትን በሚመለከት፣ ሙሉውን መጽሐፍ ከመጫን ይልቅ ለጥናት የሚያስፈልገው ምዕራፍ በጥናት ክበብ ውስጥ ይነበብ። ለዓይነ ስውራን ወገኖቻችን በድምፅ የሚዘጋጅ ነገር ካለም ቅድሚያ ይሰጠው፤ ኢትዮጵያ በ2020 እ.ኤ.አ. የገባችበት የማራኬሽ ስምምነት የወጣው ለዚሁ ነው።

በሕይወት ያሉ የአማርኛ ደራሲያን መጻሕፍት ግን ያለ ፈቃድ አይጫኑ። በምትኩ የሚከተለውን እናቀርባለን። ማኅበሩ በየሦስት ወሩ ሁለት መጻሕፍት ይምረጥ፤ ለደራሲው በቀጥታ ይጻፍ፤ ፋይሉን ከራሱ እንቀበል። እያንዳንዱ አንባቢ 500 ፊልስ ያዋጣ። ይህ ከ60 ዲናር ደመወዝ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። መቶ አንባቢ ቢገኝ 50 ዲናር ይሆናል፤ በሐዋላ ቤት በኩል በአንድ ጊዜ ይላካል። ከዚህ ገንዘብ ላይ ማተሚያ ቤትም አከፋፋይም አይቆርጥም። መክፈል ለማትችል እኅት የምትችለው ትክፈልላት፤ ስሟ በየትኛውም መዝገብ አይጻፍ። ፋይሉ ከቡድኑ ይወጣል ወይ ቢባል፣ አዎ፣ ሊወጣ ይችላል። ይህን የሚከለክል ቁልፍ ለመግዛት የምናወጣውን ገንዘብ ለደራሲው ብንልከው ይሻላል።

ክበቡ ያልተስማማበት አንድ ጥያቄ አለ። ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት በጥቂት ቅጂ ታትመው፣ ዛሬ በየትኛውም መደብር የማይገኙ፣ ደራሲያቸው ያረፉና ወራሾቻቸው የት እንዳሉ የማይታወቅ መጻሕፍት ብዙ ናቸው። ግማሾቻችን፣ ወራሽ እስኪመጣ መጽሐፉ ይጥፋ ማለት ለማንም አይጠቅምም፤ ይጫንና ለወራሹ የሚሆን 500 ፊልስ በተለየ ሣጥን ይቀመጥ እንላለን። ግማሾቻችን ደግሞ ፈላጊ ሳይልኩ «ወራሹ አልተገኘም» ማለት እንዳይለመድ እንሰጋለን፤ ቢያንስ በሁለት የአዲስ አበባ ጋዜጦች ማስታወቂያ ወጥቶ ስድስት ወር ይጠበቅ ብለን ጠይቀናል። አባላት ሁለቱንም አንብበው ለመጪው ዓርብ ድምፅ ለመስጠት ተዘጋጅተው እንዲመጡ እናሳስባለን።